የእማዬ ክፍል ኤሲ

ሰኞ፣ ግንቦት 14

አልነሳም አለ። ጠዋት ሪሞቱን ስጫነው ድምፅ የለ፣ መብራት የለ። ሲከፈት ጢጥ የምትለዋ ነገር እንኳ ዝም አለች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ዕቃ ነው። ትናንት የንስሐ አባታችን ለእማዬ ሊጸልዩ ሲመጡ አጠፋሁት፣ ማታም ነፋሻ ስለነበር ሳልከፍተው አደረ።

ያደረግኩትን ልጻፍ፣ ባለሙያው ሲጠይቀኝ እንዳልዘባርቅ፦

– የሪሞቱን ድንጋይ ቀየርኩ። አዲሱ ድንጋይ የሞተ እንዳይሆን በግድግዳው ሰዓት ሞከርኩት። ሰዓቱ ሄደ።
– ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁ። ሦስት ጊዜ።
– ብሬከሩን አወረድኩ፣ አነሳሁ።
– የስታብላይዘሩ መብራት ይበራል።
– ለመንኩት።
– በመጥረጊያ እንጨት ጎኑን መታ መታ አደረግኩት። የድሮ ራዲዮናችን እንደዚያ ነበር የሚድነው።

እማዬ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ የቀሯት ቃላት ሦስት ናቸው፤ ውሃ፣ እሺ፣ ተይ። በመጥረጊያው ስደበድበው «ተይ» አለችኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ መንጣጣት ጀመረ። አንሶላዋን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሐኪሙ ላብ እንዳያርሳት፣ ጀርባዋ ይቆስላል ብሎኝ ነበር። ጀርባዋ ላይ ያለው ቀይ ቦታ ዛሬ ሰፋ።

ወንድሜ ታደሰ ከደብረ ብርሃን ደወለ። ኤሲውን የላከልን እሱ ነው። ነገርኩት። «እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ካልተሠራ እማዬን ይዣት እወጣለሁ» አለ። ሚስቱ ነርስ ናት፣ አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ግን አውቀዋለሁ፣ አንዴ ከወጣች አትመለስም። አባዬ ከሞተ ወዲህ እኔና እማዬ ብቻ ነን። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እሷ ከሄደች ይህ ቤት የማን ቤት ነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

ጀማል መጣ። በከተማው ኤሲና ፍሪጅ እጁ የሚታመን እሱ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩት ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ እንኳ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ሶኬቱን ለካ፣ ደህና። ስታብላይዘሩን ለካ፣ ደህና።

«ቲቸር፣ ውሃ ነክቶት ያውቃል?» አለኝ።

«ኧረ አልነካውም» አልኩት። ቶሎ ብዬ ነው ያልኩት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝም? መሰላል አስጠግቶ ውጭ ያለውን ትልቁን ፈታ። ውስጡ የደረቀ እንሽላሊት አገኘ። በእንሽላሊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ምክንያቱ ተገኘ ብዬ። አወጣው፣ ገጠመው፣ ሪሞቱን ተጫንኩ። ምንም።

የውስጠኛውን ለመክፈት የእማዬ አልጋ ከሥሩ መነሳት አለበት፣ አቧራው ይረግፍባታል። «ውሃ ካልነካው ብልሽቱ እዚያ አይመስለኝም፣ እናታችንን በከንቱ አናንገላታ» አለ። እኔም እስከ በር ሸኘሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 16

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። እንኳን ኤሲ ቬንትሌተሩም ቆመ። የተማሪዎች ፈተና ላርም ይዤ መጥቼ ወረቀቱን ማራገቢያ አደረግኩት። ክንዴ ሲዝል በግራ፣ ግራው ሲዝል በቀኝ።

ከሰዓት ሳገላብጣት ቀዩ ቦታ አፍ አውጥቷል። ሳንቲም አያክልም፣ ግን ቁስል ነው። አልጮኸችም። ትራሱን ብቻ ነከሰች።

ለማንም ያልነገርኩትን እንግዲህ እዚህ ልጻፈው። እሑድ ዕለት አባ ጸሎቱን ጨርሰው እሷን ጠበል ረጩ፣ አልጋውን ረጩ፣ አራቱን ማዕዘን ረጩ። እኔ ወደ ላይ፣ ወደ ኤሲው አሳየሁና «አባ፣ ለዚችም ትንሽ» አልኳቸው። ከፍ ያለ ስለሆነ እፍኛቸውን ሞልተው ወረወሩት። «በቀኝ በኩልም» ብዬ ደግሞ ጨመርኩ። ከፊቱ ሲንጠባጠብ በነጠላዬ ጠረግኩት፣ ደስም አለኝ። እማዬን እዚህ የያዘልኝ ያ ዕቃ ነው፤ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ «በእርጥብ እጅ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀማልንም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

ለእሱ እንዴት ብዬ ልንገረው? ጠበል አበላሸው ይባላል? ያውም ለሙስሊም ልጅ፣ የቄሳችንን ስም አንስቼ? አፌ እምቢ አለኝ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ፣ ለእኔ እፍረት እሷ ትቆስላለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 18

ነገርኩት። ትናንት ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቼ አስቀምጬ ነበር። ዛሬ ራሱ የእማዬን ሁኔታ ሊጠይቅ መጣ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። መሬት መሬት አየና፣ «ቲቸር፣ እኛ ቤትም ዘምዘም ይረጫል። እናቴ ቴሌቪዥናችን ላይ ረጭታለች። አሏህ ኒያችሁን፣ የልባችሁን ሐሳብ ያያል፤ የኤሲ ካርድ ግን ኒያ አያይም» አለ። እኔው ሳቅኩ፣ ከዚያ ዕንባዬ መጣ።

አልጋዋን ወደ በሩ ገፋነው። ከፈተው። በቀኝ በኩል ያለው ካርድ፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳው፣ ጠርዙ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ማክሰኞ ብነግረው ማድረቅ ይበቃው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ይሆናል» አለ፣ ቀስ ብሎ። ባይመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ካራቆሬ የቴሌቪዥን ካርድ የሚጠግን ጓደኛ አለው። በነገው ሚኒባስ ይዞለት ይሄዳል። ለእሑድ ይደርሳል? «ኢንሻአላህ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አመሻሹ ላይ አባ ሊጠይቋት ብቅ አሉ። ጠበሉን ከፌስታል ሲያወጡ ሳላስበው ሄጄ ኤሲውን ልከልል ከሥሩ ቆምኩ። ተከፍቶ ሽቦው ተንጠልጥሏል፣ ምን ይበላሻል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

እሑድ፣ ግንቦት 20

ካርዱ አልደረሰም።

ታደሰ አራት ሰዓት ላይ መጣ። የተከፈተውን ኤሲ አየ። እማዬን ገልብጦ ጀርባዋን አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢቆጣኝ ምን ነበረበት።

ልብሷን በሻንጣ ከተትኩ። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ለይቼ በወረቀት ጻፍኩ። በየትኛው ጎን ስትተኛ እንደሚሻላት ጻፍኩ። ሾርባ ስትጠጣ አንገቷ እንዲደገፍ ጻፍኩ። ሚስቱ ነርስ ናት፣ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ብቻ ጻፍኩ።

«እማዬ፣ ከታደሰ ጋር ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«እሺ» አለች። ካላት ሦስት ቃል አንዱ ነው፤ ፈቅዳ ይሁን ሌላ አጥታ በምን አውቃለሁ?

ስለ ጠበሉ ለታደሰ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 22

ጀማል ካርዱን ይዞ መጣ። ገጠመው፣ ሪሞቱን ለእኔ ሰጠኝ። ተጫንኩ። ጢጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ቀዝቃዛው መጣ። ጀማል እንደ ልጅ ደስ አለው። እኔም «እግዜር ይስጥህ» አልኩት፣ መረቅኩት፣ ሻይ አጠጣሁት። ሲሄድ የእማዬ ፍራሽ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳምንት ሙሉ የጸለይኩበት ብርድ መጥቶ እኔን አንቀጠቀጠኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 24

ታደሰ ደወለ። ቁስሉ መድረቅ ጀምሯል። አራቱንም ሌሊት በብርድ ልብስ ተኝታለች። ገንፎ በላች፣ ደገመች። እዚህ ሦስት ማንኪያ ካለፈች ተአምር ነበር።

«ግን ትፈልግሻለች» አለኝ። «በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ብላ ታያለች። ኤሲው ተሠርቶ ከሆነ እሑድ ይዣት ልውረድ?»

ኤሲው ራሴ ላይ እየነፋ ነበር። መብራቱ ነገ ይሄድ እንደሆነ አላውቅም፣ ኃይሉ ሲወርድ እንደገና አልነሳም ይል እንደሆነ አላውቅም። ስለ ገንፎው አሰብኩ። ስለ በሩም አሰብኩ።

«ገና ነው» አልኩት። «ካርዱ ካራቆሬ ነው፣ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም።»

«እንግዲያው ሙቀቱ እስኪበርድ ትቆይ» አለ። ድምፁ ቀለል አለ። ስልኩን ከአፌ አርቄ አለቀስኩ።

ከዚያ ቅዳሜ እኔው እወጣለሁ፣ በሩ ሲከፈት የምገባው እኔ እሆናለሁ አልኩት። «ሹራብ ያዢ» አለኝ።

ሹራብ የለኝም። ነገ ገበያ እፈልጋለሁ። በዚህ አገር ሹራብ የሚሸጥ ሰው ካለ።