ሰባተኛው ስም

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9
አርሊንግተን

የባሌ እናት ዛሬ አንድ ኑዛዜ ፕሪንት አድርገው መጡ። ዘራቸውን ሲያጣሩ ከርመው ያገኙት ነው፤ የጻፈው ድሮ እዚህ አሜሪካ የእሳቸውን ሰዎች በባርነት የያዘ ነጭ ባለመሬት ነው። ሰዎቹን ከከብቱ ጋር ለልጆቹ ያከፋፍላል። ሁሉም የተጠሩት በአንድ ስም ብቻ ነው። ሐና የምትባል ልጅ ግን የባለመሬቱንም ስም ይዛለች፤ ነጻ ትውጣ፣ አልጋና ላም ይሰጣት ይላል።

እኔ እንደ አገሬ ልማድ ሰባት ቤት ልቆጥር ብዬ አማቴ ስሞቹን እየነገሩኝ ከልጄ ከሩት ወደ ላይ ጀመርኩ። ስድስተኛዋ ሐና ሆነች። «ሰባተኛው እሱ ነዋ! አባቷ!» አልኩ።

ባሌ ሳቀብኝ። «እዚህ እኮ ሁለተኛው የአባት ስም አይደለም። ባሪያ የጌታውን ስም ነው የሚይዘው።»

አፈርኩ። አገር ቤት ያለሁ መስሎኝ ነው። ግን ቆይቼ፣ «እና ሌሎቹስ ባሮች ስሙን ለምን አልያዙም?» አልኩት።

አማቴ ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የቀዳሁላቸውን ሻይ እንኳን ሳይጠጡ ሄዱ። አባቷ እሱ መሆኑን ቀድመው ያውቁ ነበር ልበል? ታዲያ ለምን አመጡት?

ሩት ሁሉንም ሰምታለች። አሁን ሶፋው ላይ ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥራለች። ስድስት ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ታየኛለች።