ምርቃትና ጉንፋን

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምኮራብሽ ልጄ ለሳቢራ፣

የአላህ ሰላም ካለሽበት ከዚያ ከብርድ አገር ድረስ ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። የወንድምሽ ሚስት ብርቱካን በርትታለች፤ ልጇ ሳሊሀም ሁለት የፊት ጥርሶቿን ነቅላ በሳቀች ቁጥር አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በስልክ መነጋገር ስንችል ለምን እንደምጽፍልሽ ሳትገረሚ አትቀሪም። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ሳሊሀ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ስለምትለጥፍ፣ ስለ እሷ የሚነገረውን ሁሉ እንድትሰማ አልፈልግም። የጎረቤታችን ልጅ እፀገነት ወደ እናንተ አገር ስለምትሄድ ወረቀቱን በእሷ እጅ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ ታሂር ባለፈው ዓመት ሲለየን፣ እንዲያ ያለ ጎልማሳ በጉንፋን ሞተ ብሎ የሚያምን ሰው አልተገኘም ነበር። ገሚሱ ምች ነው አለ፤ ገሚሱ አንድ ነገር አቅምሰውት ነው አለ። አንቺ ግን የሁላችንንም ደም አስመርምረሽ ነገሩን በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳሽኝ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ወደ ሰውነት ሲገባ ቀድሞ የሚጮኽ ዘብ አለ፤ ዘቡን የሚያቆመው ከወላጅ የሚወረስ ዘረመል ነው፤ በእኛ ቤት ያ ዘረመል ጉድለት ስላለበት ዘቡ የሚነቃው ጠላት ሳንባ ከደረሰ በኋላ ነው። ጉድለቱ ያለበት ሁሉ አይወድቅም፤ እኔ ይኸው ሰባ ዓመት አልፌ አለሁ። ታሂር ከእኔ ወርሶ ወደቀ። ሳሊሀም ከእሱ ወርሳለች።

እኔ እኮ ዘር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። አበጋርነት በሹመት አይገኝም፤ አባቴ ከአባቱ፣ እኔም ከአባቴ ተቀብዬዋለሁ። የተጣላ የማስታረቁን፣ ደም የማድረቁን፣ በመጨረሻም ሁለቱን ወገን እፊቴ አስቀምጬ እንትፍ እያልኩ የመመረቁን ነገር ሕዝቡ የሚቀበለኝ በዚያ ደም ምክንያት ነው። ያው ደም ይህንንም ይዞ መጥቷል ስትዪኝ፣ ስልኩን ዘግቼ አባቶቼን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩ።

የጉንፋኑን ክትባት ደሴ ድረስ ልኬ አስጠየቅሁ፤ አልተገኘም። ስለዚህ ብርዱ እስኪያልፍ ልጅቱን ከሰው ለዩ ባልሽው መሠረት በሩን ዘጋሁ። በአባቶቼ ዘመን በቀን ተዘግቶ የማያውቅ በር ነው። ዕርቅ ፈላጊው ከጎብዬም ከዋጃም ሲመጣ ምን ልበለው? እውነቱን ብናገር፣ ነገ ሳሊሀ ለትዳር ስትደርስ ዘር አጣሪው ሁሉ ይህንን ያነሳባታል። ስለዚህ ብርቱካንን “ሐጂ ታመዋል” አስባልኳት።

ይህ ምን ያህል ስሕተት እንደ ነበረ፣ ራያን ለምታውቂው ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አበጋር ታመመ ተብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ማን አለ? በማግስቱ ማሽላውን አውድማ ላይ ጥሎ የመጣው፣ በባጃጅ ተጫጭኖ የመጣው፣ ወተት በቅል ያንጠለጠለው ደጃፉን ሞላው። ብርቱካን በሩን ገርበብ አድርጋ ትማጸናለች።

“ተኝተዋል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።”

“እኛ መች እናስነሳቸዋለን? እግራቸው ሥር ትንሽ ቁጭ ብለን እንሄዳለን።”

ከሁሉ ፊት የቆመው የዋጃው ገበሬ፣ የድሮ ወዳጄ አራጌ ነበር። “እታለም፣ ሐጂን ሳላይ ብመለስ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም” አለና አስነጠሰ። “ይማርህ” አሉት ከኋላው። አመስግኖ ሳይጨርስ ደገመው። እኔ በመስኮቱ ጥግ ቆሜ እሰማለሁ። ሳሊሀ ከጓዳ ሾልካ መጥታ ጀለቢያዬን ያዘች።

“አባባ፣ ጉንፋን ማለት እሱ ሰውዬ ነው?” አለችኝ።

ልጅቱን ለእናቷ ሰጥቼ ወጣሁ፤ በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁት። ከደጃፉ ግራር ሥር የተቀመጠው ሕዝብ በእግሬ ስሄድ ሲያየኝ ፈጣሪውን አመሰገነ። እኔም ራቅ ብዬ ቆምኩና፣ “አልታመምኩም” አልኳቸው። “ታሂርን የገደለው ጉንፋን ነው። በጉንፋን የሚሸነፍበትን ድካም የወረሰው ከእኔ ነው፤ ልጁም ወርሳለች። በሬን የዘጋሁት ለእሷ ብዬ ነው።”

አራጌ ሳቀ። “በሞቴ ሐጂ፣ ለጉንፋን? እኔ ከመስቀል ጀምሮ ጉንፋን ነኝ፤ ይኸው ማሽላዬን አጭጄ ከመርሁ!” ጥቂቶች ሳቁለት። ያልሳቀው ረመዳን ነው። ረመዳን በዋጃው የደም ጉዳይ ልጁ የተገደለበት አባት ነው፤ ዕርቁን እኔ ልጨርሰው ቀን ተቆርጦለት ነበር።

“ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ” አለ ቀስ ብሎ። “የልጄን ደም ለአንቱ የሰጠሁት፣ ምርቃትዎ በዘር የመጣ ነው ብዬ ነው። ደዌውም በዚያው ከመጣ፣ እንትፍ ሲሉብን የምንቀበለው የትኛውን ነው?”

የሚወረሰው ድካሙ እንጂ በሽታው እንዳልሆነ፣ የእኔ ዘረመል በምራቅ ወደ ማንም እንደማይሻገር፣ ጉንፋኑንም ቢሆን የምንፈራው ከእነሱ ወደ እኛ እንጂ ከእኛ ወደ እነሱ እንዳልሆነ ልክ አንቺ እንዳስረዳሽኝ አስረዳሁ። በአክብሮት ሰሙኝ። በአክብሮትም ተነሡ። ወተቱን ያመጡት ቅሉን ከነወተቱ ይዘው ተመለሱ።

አሁን በሩን መቆለፍ አያስፈልገንም፤ የሚያንኳኳው የለም። የዋጃው ጉዳይ ወደ ሌላ አበጋር ሄዷል። ደሙ ይድረቅ እንጂ ማንም ያድርቀው እላለሁ፤ እያልኩም አፌ ይመረኛል። በአጥሩ ቀዳዳ ከሳሊሀ ጋር ያወሩ የነበሩትን ልጆች እናቶቻቸው ሰብስበዋቸዋል። የሚመጣው አራጌ ብቻ ነው፤ በገበያ ቀን አፍና አፍንጫውን በጋቢው ጠምጥሞ ከመንገዱ ማዶ ይጮኻል።

“ሐጂ! አሉ?”

“አለሁ!”

“ትንሿስ?”

“አለች!”

“እኔም አለሁ፤ አፍንጫዬም አለ!” ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህንን የምጽፍልሽ ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ሆኜ ነው። ሰሞኑን የምተኛው እዚሁ ነው። የአውድማው አቧራ ጉሮሮዬን ስለከረከረኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም። ብርቱካን ምግቤን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትሄዳለች። ትናንት ሳሊሀ ከበሩ ማዶ ሆና፣ “አባባ፣ የተቆለፈው ማነው? እኛ ነን፣ እነሱ ናቸው ወይስ አንተ?” አለችኝ። በሩን በጣቴ አንኳኩቼ ወደ እናቷ ላክኋት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። የታሂርን ነገርሽኝ፤ የእኔንም፣ የሳሊሀንም ነገርሽኝ። የራስሽን ግን አልነገርሽኝም። ባለፈው ስልክ ላይ ወደዚያ ሳመራ፣ “አብሽር አባ” ብለሽ ስለ በረዶው ማውራት ጀመርሽ። የሰውን ዝምታ ሳዳምጥ የሸበትኩ ሰው ነኝና አልጠይቅሽም። ክትባቱ እዚያ በእጅሽ ነው፤ ተከተቢ። በመጋቢት ስትወልጂ ሕፃኑን ይዤ እመጣለሁ ያልሽውን ደግሞ ተዪው። ቤቱ የአንቺ ነው፤ ነገር ግን እስክጠራሽ ድረስ አትምጪ። አባት ለልጁ ይህንን ይጽፋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አላህ በሰላም ያገላግልሽ። የሚወለደው ልጅ የአያቶቹን ትዕግሥት ይውረስ፤ ሌላውን አላህ ይተውለት። አሚን በዪ። ድሮ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እንደማደርገው ግንባርሽ ላይ፣ ቢቀር ወረቀቱ ላይ፣ እንትፍ ብዬ ልመርቅሽ ነበር። ተውኩት። ፖስታውንም የማሽገው በምራቄ ሳይሆን በውኃ ነው።

አባትሽ
እንድሪስ