ታናሽ ወንድሜን በቀይ ጽሑፍ ስላረሙልኝ

ለተከበሩ የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ ዋና ኃላፊ፦

ለእርስዎ፣ ለልጆችዎና ማን ከማን እንደተወለደ በሰላም ለሚያውቁት ዘመዶችዎ ሁሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የለጠፍኩት የእርዳታ ገጽዎ «ጥያቄዎን ለሁሉም አባላት ያካፍሉ» ከማለት በቀር ሌላ በር ስለሌለው ነው፤ ስሜን ያልጻፍኩበትን ምክንያት ከታች ይረዱልኛል።

፩. ለጀማሪ ያዘጋጁት መግቢያ እጅግ አጭር በመሆኑ አመሰግናለሁ። የዘመዶቼን ስልክ ካላስገባሁ አላሳልፍም አለኝ፤ ለምን እንደሚፈልገው ስላልነገረኝ እንደ ታዛዥ ተማሪ የሁሉንም አስገባሁ።

፪. ታናሽ ወንድሜን ከእናቴ ልጆች ተራ ሳሰፍረው ገጽዎ በቀይ ጽሑፍ «እናት በወሊድ ጊዜ ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነበር፤ እባክዎ ስህተቱን ያርሙ» አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎረቤትም ሐኪምም ያላነሳውን ጥያቄ በአንድ ሰከንድ ስላነሱት አድናቆቴ ወሰን የለውም። እኔ ቀይ ጽሑፍ ያስደነግጠኛል። ገጹን ያበላሸሁት መስሎኝ፣ ከእኔ ሌላ የሚያየውም ያለ ስላልመሰለኝ፣ እናታችን ይዛው የተቀበረችውን ምስጢር ጻፍኩ፤ ልጁን የወለደችው ታላቅ እህቴ ናት፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ። ቀዩ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ።

፫. «እንኳን ደስ አለዎት፣ የቤተሰብዎ ዛፍ ለዘመዶችዎ ተልኳል» የሚለውን ሳነብ መሰረዣ ፍለጋ ገባሁ። መሰረዣው ያለው በሦስተኛው የጀማሪ ትምህርት ውስጥ ነው፤ እሱም የሚከፈተው ከሰባት ቀን በኋላ ነው አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ወንድሜ አናጺ ነው፤ መጋዙን ሲያስነሳ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያወጣዋል። አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው። እስከዚያ ከሠራተኞችዎ አንዱ ቢደርስልኝ ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ። ለወደፊቱም አንድ ጀማሪ ሲመጣ፣ ስልክ ከመጠየቅዎ በፊት የሚጽፈውን ማን እንደሚያየው ቢነግሩት፣ መሰረዣውንም ከመላኪያው አጠገብ ቢያደርጉለት፣ ሥልጣንዎ ምንም አይቀንስም።

የአገልግሎትዎን ፍጥነት በመላ አካሏ የምትመሰክር፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታት ትሑት አባልዎ

ማስታወሻ፦ ይህን እየጨረስኩ ሳለ፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ከወንድሜ ስም ጎን «አይቶታል» የሚል ምልክት ወጣ። የደወለው ግን ለእኔ አይደለም። ታላቅ እህቴ ስልኳ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ስለሆነ መልእክትዎ አልደረሳትም፤ ምንም ሳታውቅ ከጎኔ የቀሚስ ጠርዝ ስትሰፋ ቆይታ አሁን «ምነው ልጁ፣ በሥራ ሰዓት ምን አገኘው?» ብላ እየሳቀች ስልኩን አነሳች። ለዚህ ደረጃ የሚሆን መመሪያ ካለዎት እባክዎ አሁኑኑ ይላኩልኝ።