ኮምፒዩተሩና የበረዶው ዓመት

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም እናቴ። እንዴት ከረሙ? ያ የጉልበትዎ ሕመም ለቀቅ አደረገዎት? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ አስቸግሮኛል።

አዲስ አበባ ሦስት ወር የተማርኩት ኮምፒዩተር ነው። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቢሮአችን ያለውን የቡና ገበሬዎች የቤተሰብ ካርድ ሁሉ፣ ስም፣ ቀበሌ፣ የልደት ዓመት እያልኩ ወደ እሱ እገለብጣለሁ፤ ዳታ ቤዝ ይሉታል። የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ አቶ ቶላ ሳምንት ሙሉ የሚፈልጉትን ስም፣ እሱ ሲጠየቅ ወዲያው ያወጣል። መጀመሪያ ፊደሉን በአንድ ጣት እየፈለግሁ ነበር የምመታው፤ አሁን ሳላይ እጽፋለሁ። ሥራውን ያለ ስህተት ከጨረስኩ ሐረር ዋናው መሥሪያ ቤት፣ በተሻለ ደረጃ እንደምዛወር ኃላፊው ቃል ገብቶልኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው በልደት ዓመት ነው። የእኛ አገር ሰው ልጁ መቼ እንደተወለደ ሲጠየቅ «ወንዙ የሞላ ጊዜ»፣ «በረዶው የቡናውን አበባ ያረገፈ ዓመት» ነው የሚለው። አቶ ቶላም እንደተነገራቸው ጽፈውታል። ኮምፒዩተሩ ግን ከቁጥር በቀር አይቀበልም። ስለዚህ በረዶው መቼ እንደወረደ ወሳኟ እኔ ሆንኩ።

በዚህ መሐል ኃላፊው ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን ወንዶች ዝርዝር አውጪ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የጎረቤታችንን የኩብራን ልጅ ለውትድርና የወሰደው ዝርዝር በእጅ ሲጻፍ ሁለት ወር ፈጅቶ ነበር፤ ይሄኛው ከምሳ በፊት ወጣ።

ኃላፊው ግን ከእኛው ከገለምሶ በኩል የወጣው ስም አነሰበት። በበረዶው ዓመት ከተወለዱት አንድም የለም። ስንት ብለሽ ነው ያስገባሽው ቢለኝ፣ ስልሳ ሰባት አልኩት። አፈጠጠብኝ። አቶ ቶላን አስጠራ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። መነጽራቸውን ሲወለውሉ ቆዩና፣ ይህን የሚያውቁት የወለዱት እናቶች ናቸው፣ እነሱ ይጠየቁ አሉ።

ስለዚህ ሐሙስ ሰው ይመጣባችኋል። እስከዚያው የሐረሩ ቦታ አብሮኝ ለሚሠራው ለሞገስ ተሰጥቷል። አልዋሽዎትም፣ አልቅሻለሁ። ሞገስ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይሁንለት።

እናቴ፣ እርስዎ እንደሚያስታውሱት በረዶው የወረደው በስልሳ ሰባት ነው። ወንድሜ በድሪ የተወለደውም ያኔ ነው፤ ገና አሥራ አራት ዓመቱ። ጎረቤታችንን ሀሊማንም፣ በዚያ ዓመት የወለዱትንም ሁሉ፣ ከሐሙስ በፊት ይህንኑ ያስታውሷቸው።

ፖስታ ቤቱን ስላላመንኩት ደብዳቤውን በሾፌሩ በአብዱላሂ እጅ ልኬዋለሁ። ተነቦ ሲያበቃ እሳት ውስጥ ይግባ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ዱዓዎ አይለየኝ።

ሴት ልጅዎ

በድሪ፣ ለእናታችን የምታነብላት አንተ ነህና፤ ሐሙስ ሳይደርስ ጢምህን ተላጭ።