ጨው ያልነካው የአረፋ ቆዳ

ጅዳ፣ ካራንቲና
መስከረም 1978 ዓ.ም.

ውድ ሐጂ አብዱልሃሚድ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ ከአንጀቴ አይደለም። አንቱታውንም ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ከፊሌ ነው፣ ለመንግሥት የዋሰኝ እሱ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬ በእጁ ነው እያልኩ ስድስት ዓመት አፌን ይዤ ኖሬያለሁ። በቃኝ፣ ኸላስ።

ያን የአህያ ግቢ በምን እንዳቆምኩት ታውቃለህ። ውኃ በቦቴ መኪና መታደል ሲጀምር፣ ለሰፈራችን ውኃ ሲያመላልሱ የኖሩት አህዮች ቆሻሻ መጣያው ላይ ተጣሉ። ጀርባቸው ቆስሎ፣ ዓይናቸውን ዝንብ ወርሮት። እኔም በሸክም የማድር ሰው ነኝና አላስችል አለኝ፤ ግቢ ተከራየሁላቸው። መካ ያሉት ያገሬ ሰዎች የአረፋ በጋቸውን ቆዳ ይሰጡኝ ጀመር። ዞሬ እሰበስባለሁ፣ የዚያኑ ቀን ጨው ነስንሼ እሸጣለሁ፤ የዓመቱ መኖና ኪራይ ከዚያ ይወጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ዘንድሮ በአረፋ ዋዜማ ግን መካ ዛሂር ሰፈር ቤትህ ሰው በተሰበሰበበት ብድግ አልክ። «ወሎ ሰው በረሃብ እየረገፈ ሐሩን ለአህያ ይለምናል! አታፍርም?» አልከኝ። እኔን! እህቴ ከሚሪያ ከነልጆቿ እርዳታ ጣቢያ ተቀምጣ እህል እየጠበቀች፣ አንተ መካ ተወልደህ እኔን ስለ ወሎ ልታስተምረኝ! ሰዉ ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ቆዳው ለወሎ ይሁን ብዬ በአፌ ተናገርኩ፤ ሰብስቦ መሸጡን አንተ ያዝከው።

በበዓሉ ቀን ሁለት ከረጢት ጨው በታክሲ ጭኜ ከጅዳ መጣሁ። ከመቶ በላይ ቆዳ ግቢህ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተከምሯል። «ሐጂ፣ ዛሬ ጨው ካልነካው ነገ ይበሰብሳል» አልኩህ። «ደህና ዋጋ የሚሰጥ ነጋዴ ነገ ይመጣል። ያላ፣ የአህያ ሽታህን ይዘህ ውጣልኝ!» ብለህ በሰው ፊት አባረርከኝ።

እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለ፣ አልደብቅም። ጨዉን በርህ ላይ ጥዬልህ መሄድ እችል ነበር፤ ልጆችህ ይነሰንሱት ነበር። እልህ ያዘኝ። ይበስብስበትና ይየው ብዬ ጨዉን ይዤ ተመለስኩ። ወላሂ፣ ከሚሪያን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን እረግማለሁ።

በአራተኛው ቀን መኪናህ እዚሁ ካራንቲና ቆሻሻ መጣያ ላይ ቆሞ ቆዳውን ሲያራግፍ አየሁ። ሽታው ሰው አያስጠጋም። ሾፌርህም አይቶኛል። አጥፍቻለሁ ብሎ ለሰው ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። ጭራሽ ጁምዓ ከሶላት በኋላ «አልሐምዱሊላህ፣ ገንዘቡ ወሎ ደርሷል» አልክ! ሰዉ እጅህን ሳመ። የዑተይቢያ ሰፈሯ እማማ ነፊሳ በደስታ አለቀሱ፤ ቆዳውን የሰጡትን የአረፋ በግ የገዙት የሰው ልብስ አጥበው ባጠራቀሙት ነው። አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም?

ኪራይ ስላቃተኝ ግቢውን ተቀምቻለሁ። አራቱ አህዮች ሞቱ። የቀሩት ሁለቱ ደጄ ላይ ታስረው የጎረቤት ትራፊ ይበላሉ። ለሰው ብዬ ነው የተውኳቸው ብዬ እንዳልጽናና፣ ሰውም አላገኘ።

ትናንት ደግሞ ሾፌርህን ልከህ «አፉን ካልዘጋ ኢቃማውን አሰርዤ በመጀመሪያው አውሮፕላን ለደርግ አስረክበዋለሁ» ብለሃል። እፈራለሁ። ከቀበሌ እስር ቤት አምልጬ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ እንዴት አልፈራ!

ቢሆንም የፊታችን ጁምዓ መጥቼ በዚያው ሰው ፊት እቆማለሁ። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ፣ ከዚያ ያንተን። ፓስፖርቴ ሳጥንህ ውስጥ ነው አይደል? አውጥተህ ጠብቀኝ።

ከእንግዲህ የማያከብርህ፣
ሐሩን