ሦስት ጊዜ ሰባት ጠዋት

ትበርህ እህቴ፣

እንቅልፍ ስለወሰደሽ አልቀሰቀስኩሽም። ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለልሽ፤ አሙቀሽ ቅመሺ። በማር የለወስኩትን ነጭ ሽንኩርት ግን ዛሬ ተዪው።

ነጭ ሽንኩርትን አልክድም። ጉንፋን ያባርራል፣ የሆድ ቁርጠት ያስታግሳል፣ እኔን ስንቴ አንስቶኛል። «እትዬ ዘርፌ፣ ቢሮ ስገባ እኮ በሽታው ጓድ ኃላፊያችን መስኮት ይከፍታል!» ስትዪኝ፣ «ይክፈት፣ ንጹሕ አየር ለሱም ይበጀዋል» ብዬ ሳቅሁብሽ። ሳል ሲጀምርሽ ሰባት ጠዋት በባዶ ሆድሽ ዋጪ አልኩሽ። ሳሉ አልለቅ ሲልሽ ሌላ ሰባት ጨመርኩ፤ ደግሞ ሌላ ሰባት።

ባለፈው እሑድ በሬዲዮ አንድ ሐኪም «ሳል ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈው ሳይውል ሳያድር ይመርመር» ሲል ሰማሁ። አንቺ ደጅ ልብስ ታጥቢ ነበር።
ድምፁን ዝቅ አደረግሁት።
ነጭ ሽንኩርቴ እንዳይሸነፍብኝ ብዬ ነው።

አሁን ጤና ጣቢያ ካርድ ላወጣልሽ ወረፋ ልይዝ ሄጃለሁ። በመንገዴ ቦሌ ሚካኤልን ተሳልሜ ስምሽን እጠራለሁ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ፤ ጋቢዬን ደርቢ፣ ይበርዳል። ሐኪሙ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ካለሽ ዝም በዪ።
እኔ እመልስለታለሁ።

ዘርፌ