ድንኳኑ አዲሱ ሜዳ ላይ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ልቤ ተሰቅሎ ዋለ። ከኮሌጃችን አጥር ጀርባ የሚኖሩት ጋሽ ወልዴ አረፉ። ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አውጥተው የማሠለጥነውን የሴቶች ቡድን ልምምድ የሚያዩት ሰውዬ። መንገዳቸው ጠባብ ስለሆነ እድሩ የለቅሶውን ድንኳን መረብ ኳስ ሜዳችን ላይ እንዲተክል የኮሌጁ ዲን ፈቀዱ። ለቅሶ እንዴት እምቢ ይባላል? ግን የጎማ ወለሉን ካስነጠፍን ወር እንኳ አልሞላንም። ሁለት ዓመት ለምኜ ያገኘሁት ወለል ነው።

ያን ሰዓት ጦር ኃይሎች ሰፈር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ምን እንደተወራ አላውቅም፤ ወለሉ ላይ ካስማ ሲመታ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ከታክሲ ወርጄ እየሮጥኩ ገባሁ። ድንኳኑን ዞሬ አየሁት። አንድም ካስማ የለም። ገመዶቹን ውሃ ከሞሉ ጀሪካኖች ጋር አስረዋቸዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ሁሉ የቤቱን ውሃ ይዞ ወጥቷል።

ሜዳው ዳር ጫማ ተደርድሯል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ከድር በካልሲ ቆመው ጠበቁኝ።

«ያለ ስፖርት ጫማ መግባት ክልክል ነው ብለሽ ለጥፈሻል» አሉኝ። «እኛ ደግሞ ስፖርት ጫማ የለንም። አወለቅን።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ግን አይቀልድም።

ባለ ታኮ ጫማዬን ከጫማቸው አጠገብ አስቀምጬ ገባሁ። እግዜር ያጥናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ደረቴ ቀለል አለኝ። ለጋሽ ወልዴ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እስከዚያ ያዘንኩት ለወለሉ ነበር።